በሽታው የራሱ ሰዓት አለው

ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ መጻፌን የሰሙ የሙያ ባልደረቦቼ ብቻዬን ሲያገኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዴት ጀመርሽው?» ይሉኛል። የእኔን ታሪክ ለማወቅ ብቻ የሚጠይቁ አይመስለኝም። ብዙዎቹ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ፣ ተጀምሮ የቀረ ጽሑፍ አላቸው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። እንደ እኔ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ነርሷም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ብቻውን የሚያድረው የጤና መኮንንም የሚጽፈው ሞልቶታል። የምለውም አንድ ነገር ነው፦ በሽታውን አክብራችሁ ከጻፋችሁት፣ ታሪኩን ራሱ ይሰጣችኋል።

የእኛ ሥራ ከጥያቄ ይጀምራል። ታማሚውን ከመንካታችን በፊት ስለ ኑሮው እንጠይቃለን። የት አደርክ? ከእነማን ጋር? የምትጠጡት ውሃ ከየት ይቀዳል? ሰሞኑን የሞተባችሁ ከብት ነበር? ሥጋውን ማን በላው? ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደህ ነበር? የተኛኸው ዛፍ ሥር ነው ወይስ ዳስ ውስጥ? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው የመርማሪን ሥራ እየሠራ ነው፤ ተጠርጣሪው በዓይን አይታይም፣ ዋናው ምስክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ተጎጂው ነው፤ እሱም በትኩሳት እየቃዠ የሚመሰክር።

የሊቦ ከምከምን ታሪክ የሰማሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። እስካሁን ከእሱ የሚበልጥ የምርመራ ታሪክ አላገኘሁም። ሊቦ ከምከም በደቡብ ጎንደር ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለ ወረዳ ሲሆን ከተማው አዲስ ዘመን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዚያ አካባቢ ሰዎች ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ይይዛቸው፣ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸው ይወጠር፣ ሰውነታቸው ይመነምን፣ ከዚያም ይሞቱ ጀመር። አካባቢው ወባ የሚያውቀው ነውና ጥርጣሬው ወባ ላይ ወደቀ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ትኩሳቱ አልበረደም። እንግዲያው ወባው መድኃኒቱን ተላምዷል ተባለ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ይሆናል ብሎ ማሰብ ከባድ ነበር፤ ካላዛር የሚታወቀው በሁመራና በመተማ ቆላ እንጂ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. ግን ካላዛር መሆኑ በምርመራ ተረጋገጠ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ታከሙ። ይህ በሽታ ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ የሚሆነውን ይገድላል።

እስቲ ይህን በደራሲ ዓይን እንየው። በሐሰት የተጠረጠረ አለ፤ ወባ። ሳያውቀው የተሸከመ መንገደኛ አለ፤ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ወደ ቤተሰቡ የተመለሰ ገበሬ። ጥገኛ ተሕዋሲው ወደ ከፍታው የወጣው በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ቀን ቀን በመረሬ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጋ ሲመሽ የምትወጣ፣ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ አለች። በታሪኩ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም። እንዲህም ሆኖ ሲተረክ የሚሰማው ሰው ትንፋሹን ይይዛል። እኔ ከዚያ በኋላ በተማሪዎች ፊት ካላዛርን ባስተማርኩ ቁጥር ምልክቶቹን ከመደርደር ይልቅ ይህን ታሪክ ነው የምነግራቸው፤ የዚያን ቀን ትምህርት ከዓመታት በኋላም ያስታውሱታል።

መጻፍ የጀመርኩት ግን በኮቪድ ጊዜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ እኔም ወደ ለይቶ ማከሚያ ተመደብኩ። መከላከያ ልብሱ ከተለበሰ በኋላ ውሃ መጠጣት የለም፣ ፊትን መንካት የለም፣ ማስታወሻ መያዝ የለም። የማየውን በጭንቅላቴ ይዤ እወጣና ማደሪያዬ ስደርስ ደብተር ላይ አሰፍረው ነበር። ያሰፈርኩት የታማሚዎችን ነገር አልነበረም። በዙሪያቸው ያለውን ፍርሃት ነበር፦ የአምቡላንስ ድምፅ ሲሰሙ መስኮታቸውን የሚዘጉ ሰዎች፣ አብራኝ የምትሠራ ነርስ አከራይዋ «ልጆች አሉኝ፣ አትምጪብኝ» ማለታቸው፣ ለገበያ የወጣች ጎረቤት ሰላምታ ሳትሰጥ መንገድ መቀየሯ። ሁሉም ደግ ሰዎች ነበሩ። ደግ ሰው ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ፈለግሁ፤ የመጀመሪያው ልብወለዴ የተወለደው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ማንኛውም ተላላፊ በሽታ የራሱ ሰዓት አለው። ተሕዋሲው ሰውነት ውስጥ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ የመጀመሪያው ምልክት እስኪታይ ያለው ጊዜ ለደራሲ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ደህና ነው፣ ይስቃል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ይስማል፤ አንባቢው ግን ያውቃል። ኮሌራ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አምስት ቀን ነው የሚፈጀው። ማጅራት ገትር ከሁለት እስከ አሥር ቀን። ኢቦላና ማርበርግ ከሁለት እስከ 21 ቀን። ስለዚህ የኮሌራ ልብወለድ የአንድ ሳምንት ታሪክ ነው፤ ሰው እንቅልፍ የለውም፣ ገጹም መሮጥ አለበት። የኢቦላ ልብወለድ የመቁጠር ታሪክ ነው፤ በየቀኑ ጠዋት የሰውነት ሙቀት እየተለካ «ዛሬ 14ኛው ቀን ነው» የሚባልበት። የበሽታውን ሰዓት ለሴራችሁ ስትሉ አታሳጥሩት። እኔ የምዕራፎቼን ቅደም ተከተል ከመወሰኔ በፊት ማን በየትኛው ቀን እንደተጋለጠና በየትኛው ቀን ሊታመም እንደሚችል ግድግዳዬ ላይ እለጥፋለሁ። ሴራው ከዚያ ወረቀት ጋር ከተጋጨ የሚለወጠው ሴራው ነው።

ከሁሉም ሰዓት የሚያስፈራኝ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር፣ አንዳንዴ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ዝም ይላል። ልጁ ተነክሷል፤ ቁስሉ ድኗል፤ ቤተሰቡ ረስቶታል፤ ውሻውም ከሰፈር ጠፍቷል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ክትባቱን በጊዜ መጀመር ሞቱን ያስቀረዋል። ከዚህ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ነገር ምን ልፈጥር እችላለሁ? ሴት አያቱ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ ወይስ ይቆዩ፣ ገበያው ነገ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቁስሉ ትንሽ ነው። ያንን ምዕራፍ ስጽፍ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ዘግይተው የመጡትን ቤተሰቦች ፊት አስብ ነበር። አንባቢዬ ስለ ገጸ ባሕርዩ ተጨንቆ መጽሐፉን ሲያስቀምጥ ሳሙናና ውሃ፣ 15 ደቂቃ የሚለው ነገር አብሮት እንዲቀር ነው የፈለግሁት። ደግሞም ይቀራል፤ የተጨነቀ ሰው አይረሳም።

ሌላም ልንገራችሁ። ግርሻ የሚባለውን በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ያከሙ ሁሉ ይህን ያውቁታል። ክረምት ነው፤ ብርድ ነው፤ የቀን ሠራተኞች በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጠጋግተው ያድራሉ። ቅማል ትኩሳት ያለበትን ሰው አትወድም፤ ገላው ሲግል ትታው ወደ ጎረቤቱ ትሄዳለች፤ ያኛው ደግሞ ሲያክና ሲጨፈልቃት በሽታው በቆዳው በኩል ይገባል። ታማሚው ሲመጣ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ጠመዝማዛው ባክቴሪያ ይገኛል፤ መድኃኒቱ ርካሽና የታወቀ ነው፤ አንድ መርፌ ይበቃል። አስታማሚው ወንድም እፎይ ይላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው። መርፌው ከተሰጠ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ታማሚው አልጋውን እስኪያናውጥ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ከነበረበት በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ላቡ ይወርድና የደም ግፊቱ ይወድቃል። ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው። አንዳንዱ በዚያ ሰዓት ሊሞት ይችላል።

ወንድሙ ያየው ግን ሌላ ነው። እሱ ያየው በእግሩ የመጣ ወንድሙ መርፌ ተወግቶ ሲሞት ነው። ሐኪሟ የሰጠችው መድኃኒት ትክክል ነው፤ ሲስተሯም ግሉኮሱን አዘጋጅታ፣ የደም ግፊቱን በየደቂቃው እየለካች አጠገቡ ናት፤ ሁሉም እንደሚገባ ተሠርቷል። ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ «ምን አደረጋችሁት?» ይላል። ይህንን ትዕይንት በልብወለዴ ውስጥ በጣም ረጅም አድርጌ ጻፍኩት፤ ከመርፌው እስከ ንጋት። ሽጉጥ የለም፣ የሚያሳድድ መኪና የለም። አንድ ክፍል፣ አራት ሰዎች፣ አንድ የግፊት መለኪያ። ከጻፍኳቸው ገጾች ሁሉ አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ይህኛውን ነው። ምክንያቱ ደግሞ ይገባኛል፤ እያንዳንዳችን አንድ ቀን በዚያ በር ላይ ቆመናል።

ሁለተኛው መጽሐፌ ወደ ኅዳር 1911 ዓ.ም. ወሰደኝ። የኅዳር በሽታ ብለን የምንጠራው፣ ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን የመታበት ወር ነው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጥነው በዚያው ትዝታ ነው። ዘመኑን መጻፍ ለሐኪም ከባድ የሚሆነው እውቀትን መቀነስ ስለሚጠይቅ ነው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ የእኔ ገጸ ባሕርይ፣ ውጭ አገር የተማረ ቢሆንም፣ «ይህ ቫይረስ ነው» ሊል አይችልም። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ሳንባው የተመረዘውን ወጣት ሊያድነው አይችልም። ያ በሽታ ደግሞ ሕፃንና ሽማግሌ ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎበዞች የለየ ነበር። ገጸ ባሕርዬ ማድረግ የሚችለው ውሃ ማጠጣት፣ ማስተኛት፣ ሰዎችን ማራራቅ ብቻ ነው። እጁ ባዶ የሆነ ሐኪም ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ከራሴ ሙያ አብዛኛውን መሣሪያ ነጥቄ መጻፍ ነበረብኝ።

በልብወለዱ ውስጥ በሽታው በባቡር እንዲመጣ አደረግሁ። የጅቡቲው መስመር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነበርና ሐዲዱ ገና አዲስ ነው፤ ባቡሩም ሌሊት ሌሊት እየቆመ፣ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ነበር የሚጓዘው። ኢንፍሉዌንዛ ከተጋላጭነት እስከ ምልክት ከአንድ እስከ አራት ቀን ይወስዳል። ጅቡቲ ላይ ጤነኛ ሆኖ የተሳፈረ ሰው አዲስ አበባ ሲወርድ ትኩሳት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ በየማደሪያው ደግሞ ከብዙ ሰው ጋር እራት በልቷል። የባቡሩን ሰዓትና የበሽታውን ሰዓት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መጽሐፉ በአብዛኛው ተጽፎ ቀረበልኝ።

ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ ልምጣ፤ ክፉ ሰው። ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ የሚጽፍ ሁሉ ተሕዋሲ የሚረጭ ወንጀለኛ እንዲፈጥር ይፈተናል። ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፖስታ የተላከ የአባ ሰንጋ ዱቄት አምስት ሰዎችን ገድሏል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ወንጀለኛ አልጽፍም፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ። መስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጊኒ ውስጥ ወሜ በምትባል መንደር ስለ ኢቦላ ለማስተማር የሄዱ ስምንት ሰዎች በነዋሪዎች ተገደሉ፤ የጤና ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች ነበሩባቸው። በሽታውን ያመጡት እነሱ ናቸው ተብሎ ስለታመነ ነው። በእኛም አገር ወረርሽኝ በገባ ቁጥር «ውሃው ውስጥ የጨመሩት ነገር አለ»፣ «ክትባቱ ውስጥ ያስገቡት ነገር አለ» የሚል ወሬ ይነሳል። ልብወለዴ ያንን ወሬ የሚያጠናክር ከሆነ፣ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣ በር የሚዘጋባት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የእኔን ዋጋ ትከፍላለች። ሌላ ደራሲ ሌላ ውሳኔ ቢወስን አልከራከረውም። ቢያንስ ግን ፍርሃቱን ወዴት እንደሚያዞረው አስቦ ይጻፍ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወሰን አለኝ። ተሕዋሲን እንዴት ማራባት፣ እንዴት ማሰራጨት፣ መድኃኒት እንዳይነካው እንዴት ማድረግ እንደሚቻል በልብወለድ ውስጥ አልጽፍም፤ ባውቀውም አልጽፍም። አንባቢው ይህን አይፈልገውም። እሱ የሚፈልገው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለችው ልጅ ናሙናውን ስትከፍት እጇ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ማወቅ ነው።

የታማሚ ምስጢር ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል። በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ታማሚው ይህን አምኖ ነው ለሚስቱ ያልነገረውን ለእኛ የሚነግረን። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። በአንድ ወረዳ ውስጥ አምስት ልጆች ያሏት፣ ጠላ የምትሸጥ፣ ባሏ ሁመራ የሚሠራ ሴት ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሟን ባትጠሩም ሰፈሩ ያውቃታል። እኔ አንድን ሰው እንዳለ ወስጄ ገጸ ባሕርይ አላደርግም፤ የምወስደው ጥያቄውን ነው። የግርሻው ወንድም እውነተኛ ሰው አይደለም፤ «ምን አደረጋችሁት?» የሚለው ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው፤ ከብዙ አፎች ሰምቼዋለሁ። ደግሞም አልጋ ላይ የተኛን ሰው «ታሪክህን ልጻፈው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መድኃኒቱ በእጃችሁ ስላለ እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ እሺታው ፈቃድ አይሆንም። የመንደር ወይም የብሔረሰብ ስምም ከበሽታ መነሻነት ጋር አታያይዙ፤ እኔ ቦታውን ከፈጠራ ነው የምሠራው፤ አፈሩን፣ ዝናቡን፣ የገበያውን ቀን ግን ከማውቀው አገር እወስዳለሁ።

ስለ ሥራው አካሄድ ብዙ የምለው የለኝም። ተረኛ ሆኜ ባደርኩ ማግስት አልጽፍም፤ የደከመ አእምሮ ሞትን ያበዛል። የምጽፈው ጠዋት፣ ቤቱ ሳይነቃ ነው፤ ጥቂት ገጽ ብቻ። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አርታኢዬ ረቂቁን ሲያነቡ በኅዳጉ ላይ አንድ ዓይነት ማስታወሻ ደጋግመው ይጽፋሉ፦ «ዶክተር፣ እዚህ ላይ ታማሚው ጠፋብኝ።» ሕክምናው ሲበዛ ሰውየው ይሸፈናል ማለታቸው ነው። ይህችን ማስታወሻ ከእሳቸው ተውሼ እናንተም እንድትጠቀሙባት እመክራለሁ፤ በየገጹ ታማሚው የት እንዳለ ፈልጉት። ካላገኛችሁት ያ ገጽ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ ቦታው ሌላ ነው።

ማሳተሙ ሌላ ፈተና ነው። ብዙዎቻችን የኅትመቱን ወጪ ራሳችን እንሸፍናለን፤ የወረቀት ዋጋ ደግሞ ከአንዱ ወር ወደ ሌላው አይገናኝም። ስለዚህ ረቂቁ ሙሉ በሙሉ ታርሞ ሳያልቅ ማተሚያ ቤት አትሂዱ፤ መጀመሪያ በትንሹ አሳትሙ፣ ለመጻሕፍት መደብሮችና ለአዟሪዎች የምትተዉትን ድርሻ አስቀድማችሁ አስሉ። መጽሐፋችሁ በቴሌግራም በነፃ ሲዘዋወር ታዩታላችሁ፤ ያማል። የምትሠሩበት ተቋም ሠራተኛው ስለ ሕክምና ሲጽፍ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነም ይህን በጽሑፍ ጨርሱ፤ ከታተመ በኋላ የሚነሳ ክርክር ከባድ ነው።

ረቂቁን ከአርታኢው በፊት ለሁለት ሰዎች ስጡት። አንዱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይሁን፤ ናሙናው በስንት ሰዓት ውጤት እንደሚሰጥ፣ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ምን እንደሚሆን፣ በእሑድ ቀን ማን እንደሚገኝ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሌላው ከሕክምና ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ይሁን። እሱን ምንም አትጠይቁት፤ ማንበቡን ያቋረጠበትን ገጽ ብቻ በእርሳስ ምልክት እንዲያደርግላችሁ ንገሩት፣ እርማቱንም ከእነዚያ ገጾች ጀምሩ።